በጆንያ ስለታሰሩት የእንስሳት ቅሪተ አካላት፦ ለክምችት አስተዳደሩ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የቅሪተ አካል ክምችት አስተዳደር ኃላፊዎች፣

ጉዳዩ፦ የእንስሳት ቅሪተ አካላት ወደ ቆርቆሮ መጋዘን እንዲዛወሩ የተላለፈው ውሳኔ እንደገና እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ቅሪተ አካል የምናጸዳ፣ የምንጠግን፣ የምንመዘግብና በመስክ የምንለቅም ሠራተኞች ነን። ባለፈው በጋ የወጣው የውስጥ ማስታወሻ ክምችቱን ለሁለት ከፍሎታል። የሰው ዘር ናቸው የተባሉት በተቆለፈው ክፍል ይቆያሉ። አሳማው፣ ዝሆኑ፣ ጉማሬው፣ አይጡ፣ ዓሣውና ቀንድ አውጣው ግን “ተደጋጋሚና ለዕይታ የማይሆኑ” ተብለው በጆንያ እየታሰሩ ከግቢው ጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ይሄዳሉ። ምክንያቱ የቦታ ጥበት ነው ተብሏል። ጥበቱን አንክድም፤ መደርደሪያዎቹ ከሞሉ ቆይተዋል። ነገር ግን ማስታወሻው የመረጠው መንገድ ቦታ የሚያስለቅቀው ማስረጃውን በማጥፋት ነው። በቃል አሳውቀን መልስ ስላላገኘን ቅሬታችንን በጽሑፍ፣ ሕዝብም እንዲያየው አድርገን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የአሳማ ጥርስ የሚደጋገመው መደጋገም ስላለበት ነው። አንድ መንጋጋ ጥርስ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከታችኛው የአፈር ንብርብር እስከ ላይኛው በተከታታይ የተለቀሙ ብዙ ጥርሶች በካሊፐር ሲለኩ ግን አንድ የእንስሳ ወገን በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ በቁጥር ይታያል። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ፣ በሹንጉራ ንብርብሮች፣ ኮልፖኬረስ የተባለው የጠፋ አሳማ ወደ ላይኛው ንብርብር በወጣን መጠን ሦስተኛ መንጋጋ ጥርሱ እየረዘመ፣ ከበስተኋላው ተጨማሪ ጉብታ እያበቀለ ይሄዳል። ከዛሬው ከርከሮ ጋር የሚዛመደው ሜትሪዲዮኬረስ ደግሞ የጥርሱ ቁመት እጅግ ይጨምራል። ዝሆኖቹም ላይ ያው ነው፤ ጥርሱን የሚሠሩት ሳህን መሰል ክፍሎች ቁጥራቸው ይበዛል፣ ልባሳቸው ይሳሳል፣ ጥርሱ ከፍ ይላል። ምክንያቱ ምግብ ነው። ሣር በውስጡ ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣት አለው፤ አቧራ ሲጨመርበት ጥርስ ይሞርዳል። ጥርሱ ቶሎ የማያልቅበት እንስሳ ረዘም ላለ ጊዜ ይበላል፣ ይወልዳል፣ ያንን ጥርስም ለልጆቹ ያወርሳል። ዝግመተ ለውጥ ሲባል የሚወራው ነገር በዓይን የሚታየው እዚህ ነው፤ አንድ ሰው የያዘው የራስ ቅል ላይ ሳይሆን፣ ማንም ዞር ብሎ በማያያቸው የጥርስ ረድፎች ላይ።

ይህ ለአሳማ ወዳጆች ብቻ የሚጠቅም ከመሰላችሁ የኩቢ ፎራን ጉዳይ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1972 ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ኬኤንኤም-ኢአር 1470 የተባለው የራስ ቅል ተገኘ። ከቅሉ በላይ ያለውና ኬቢኤስ የሚባለው የእሳተ ገሞራ አመድ 2.61 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶት ስለነበር፣ ቅሉ ከዚያ ያረጀ፣ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ተባለ። ያን ያህል ትልቅ አንጎል ያለው ሆሞ (እኛም የምንመደብበት የሰው ወገን) በዚያ ዘመን ከኖረ የሰው ዘር ታሪክ እንደገና መጻፍ ነበረበት። ባዚል ኩክ የተባሉት ተመራማሪ ግን የኩቢ ፎራን የአሳማ ጥርሶች ከኦሞዎቹ ጋር ሲያስተያዩ፣ ከአመዱ ሥር የተለቀሙት በኦሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካላቸው ንብርብሮች ከወጡት ጋር ገጠሙ። የላቦራቶሪው ቁጥርና የአሳማው ጥርስ አልተስማሙም፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። አመዱ እንደገና ሲመረመር የቀድሞው ናሙና በውኃ ተጠርገው የገቡ አሮጌ ቅንጣቶች ተቀላቅለውበት እንደነበር ታወቀ። ትክክለኛው ዕድሜ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። በሹንጉራም ኬሚካዊ ቅንብሩ ከኬቢኤስ ጋር አንድ የሆነ የአመድ ንብርብር ተለየ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተለቀመ የአሳማ ጥርስ ስሙ በዓለም የገነነን የራስ ቅል ዕድሜ እንዲታረም አደረገ። ያ ጥርስ በእናንተ ማስታወሻ ቢዳኝ ዛሬ ጆንያ ውስጥ ነው።

ዕድሜ ብቻም አይደለም። አርዲ በመባል የምትታወቀው፣ አርዲፒቴከስ ራሚደስ የተባለው የጥንት የሰው ዘር ወገን አጽም እ.ኤ.አ. በ1994 በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ ላይ ተገኘች። ከበላይዋና ከበታችዋ ያሉት ሁለት የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች ሁለቱም 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆኑ ዕድሜዋ በመካከላቸው ተቆልፏል። ምን ዓይነት አገር ውስጥ ትኖር እንደነበር ግን አመዱ አይናገርም። ለረጅም ጊዜ ሲነገር የነበረው አባቶቻችን በሁለት እግር መሄድ የጀመሩት ጫካው ተመናምኖ ሜዳ ሲመጣ ነው የሚል ነበር። በአራሚስ ከእርሷ ጋር የተለቀመው ሌላ ነገር አሳየ፤ የአጋዘንና የጉሬዛ ዘመዶች በብዛት፣ ወፎች፣ አይጦች፣ የእንጨትና የዘር ቅሪት። ዛፍ የበዛበት ስፍራ ነበር። ይህ የታወቀው ከመቶ ሺህ በላይ ስብርባሪ ሳይመረጥ ስለተለቀመ ነው። በሌላ በኩል በሌዲ ገራሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ከተገኘው የ2.8 ሚሊዮን ዓመት የሆሞ መንጋጋ ጋር የወጡት እንስሳት ሣር ጋጮች ይበዛሉ፤ ገላጣ ሜዳ ነው። መንጋጋው ብቻውን ይህን አይነግረንም።

ሁለተኛ፤ ጆንያ ውስጥ የገባ ቅሪተ አካል ስሙን ያጣል። ድንቅነሽ በመዝገብ ኤኤል 288-1 ናት፦ በአፋር አካባቢ 288ኛው የመልቀሚያ ቦታ፣ ከዚያ ቦታ የመጀመሪያው ናሙና። አርዲ ኤአርኤ-ቪፒ-6/500 ናት፦ አራሚስ፣ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት፣ ስድስተኛው ቦታ፣ 500ኛው ናሙና። ከዚህ ቁጥር ጋር የሚሄደው ካርድ የመልቀሚያውን ቦታ፣ የጂፒኤስ ንባብ፣ ከየትኛው አመድ ስንት ሜትር በላይ ወይም በታች እንደተገኘ፣ ከላይ የተለቀመ ወይም ከአፈሩ የተቆፈረ መሆኑን፣ የአካሉን ክፍል፣ የለቀመውን ሰውና ቀኑን ይይዛል። ካርዱ የጠፋበት ጥርስ ድንጋይ ነው። ያማረ ድንጋይ ይሆናል፤ ከየት ዘመን መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚመልሰው የለም።

ቁጥሩ አጥንቱ ላይም ይጻፋል። መጀመሪያ ጎልቶ በማይታይ ቦታ ላይ ቀጭን የፓራሎይድ (በአሴቶን የሚለቅ አክሪሊክ ሙጫ) ቅብ ይቀባል፤ ሲደርቅ በጥቁር የማይለቅ ቀለም ይጻፋል፤ ከዚያ ሌላ ቀጭን ቅብ ይደረብበታል። ይህ በመደርደሪያ ላይ ለረጅም ዓመታት ይቆያል። በጆንያ ውስጥ ጥርስ ከጥርስ ጋር ሲፋተግ ግን ቁጥሩ በመጀመሪያው ጭነት ይፋቃል። ካርዱን አይጥና ምስጥ ይቀራመቱታል። ከዚህም የከፋው፣ ማስታወሻው “አንድ ዓይነት የሆኑ ይጠቃለሉ” ስለሚል ከተለያዩ ቦታዎች የመጡ የጉማሬ ጥርሶች በአንድ ከረጢት ተጨምረዋል። ካርዶቹ ከረጢቱ ሥር አብረው ተጥለዋል፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ከእንግዲህ ማንም ሊምል አይችልም።

የቦታ መዝገብ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው፣ ኦሞ 1 የተባለው የዘመናችን ሰው ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ1967 ሲለቀም ዕድሜው በቅጡ የሚለካበት መንገድ አልነበረም። የመልቀሚያው ቦታ ግን ተመዝግቦና ፎቶ ተነስቶ ስለነበር ተመራማሪዎች ከ30 ዓመት በኋላ ተመልሰው አገኙት። በ1967 ከተለቀመው የጭን አጥንት ጋር የሚገጥም ስባሪ ሳይቀር ለቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዕድሜው 195,000 ዓመት ገደማ ተባለ። በ2022 ደግሞ ከበላዩ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ሲያያዝ ቢያንስ ወደ 230,000 ዓመት ከፍ አለ። አጥንቱ ያው አጥንት ነው። ዕድሜው በ35,000 ዓመት የጨመረው ቦታው ስላልጠፋ ብቻ ነው።

ሌላም እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1981 በመካከለኛው አዋሽ፣ በሎህደሊ ላይ የግንባር አጥንት ስባሪ ተለቀመ፤ 3.9 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ነው። ለአሥርተ ዓመታት ከማን ወገን እንደሚመደብ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም፤ የሚያወዳድሩት ሙሉ ቅል አልነበረማ። በ2016 በወራንሶ ሚሌ፣ ሚሮ ዶራ ላይ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የአውስትራሎፒቴከስ አናመንሲስ ቅል ተገኘ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ተመራማሪዎቹ የበሎህደሊው ግንባር የድንቅነሽ ወገን ነው አሉ። እንግዲህ አሮጌ የተባለው ወገን፣ አናመንሲስ፣ እና ከእርሱ ወጣ የተባለው የድንቅነሽ ወገን ቢያንስ ለ100,000 ዓመት አብረው ኖረዋል ማለት ነው። ያ ስባሪ በ1990ዎቹ “ለዕይታ የማይሆን” ተብሎ ቢጠቀለል ኖሮ ይህ ሐሳብ መነሻ አያገኝም ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ መጋዘኑና ስለ ሙጫው። ከአፋር የሚመጣ አጥንት ቀዳዳዎቹ በሸክላ አፈር የተሞሉ ናቸው። ይህ ሸክላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የአየሩ እርጥበትም አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። አጥንቱ ከውስጡ እየተገፋ በቀጭን ስንጥቅ ይጀምርና በአንድ ክረምት ውስጥ ወደ ፍርፋሪ ይሄዳል። የሚፈለገው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ ደግሞ አለመለዋወጡ ይበልጣል። ፒራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) ያለበት ቅሪተ አካል ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል። መጀመሪያ ቢጫማ ነጭ ዱቄት ይታያል፣ የሰልፈር ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ካርዱም ሳጥኑም አብሮ ይበላል። የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርፊት በእንጨት ሳጥን ወይም በተራ ካርቶን ሲቀመጥ ከእንጨቱ በሚወጣ አሲድ ነጭ ሻጋታ የሚመስል ጨው ያወጣል። ሻጋታ አይደለም፤ መጥረግም አያድነውም፤ ቅርፊቱ እየሟሟ ነው።

ሙጫው ደግሞ ለብቻው ቅሬታ የሚገባው ነው። የፓራሎይድ ቢ-72 እና የአሴቶን ግዢ ተሰርዞ በምትኩ ከሱቅ ሱፐር ግሉና ነጭ የእንጨት ኮላ ቀርቧል፤ “ሁሉም ያጣብቃል” ተብሎ። ሁሉም ያጣብቃል። ልዩነቱ ማላቀቁ ላይ ነው።

አሠራሩን እንግለጽ፣ ግዢ የሚፈርመው ሰው የሚፈርመውን እንዲያውቅ። ፓራሎይድ በእንክብል መልክ የሚመጣ አክሪሊክ ነው። ለማጠንከሪያ 5 ግራም እንክብል በ100 ሚሊ ሊትር አሴቶን ይሟሟል። እንክብሉ ዝም ብሎ ማሰሮው ውስጥ ከተጣለ ከሥር ተጣብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ በሻሽ ከረጢት ታስሮ ከላይ በኩል ፈሳሹ ውስጥ ይንጠለጠላል፣ በማግስቱ ሟሙቶ ይገኛል። አጥንቱ መጀመሪያ በንጹህ አሴቶን ይርሳል፤ ከዚያ ቀጭኑ ፈሳሽ በጠብታ፣ መምጠጥ እስኪያቆም ድረስ ይንጠባጠብበታል። ከደረቀ በኋላ አስፈላጊ ከሆነ በ10 በመቶው ይደገማል። ስባሪ ለመግጠም ግማሽ በግማሽ የሆነው ወፍራሙ ነው የሚያገለግለው። የሚበላሽባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አጥንቱ እርጥብ ከሆነ ፓራሎይዱ ነጭ ሆኖ ፊቱ ላይ ይቀራል፣ ወደ ውስጥ አይገባም። ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ አሴቶኑ ቶሎ ስለሚተን ሙጫውን ወደ ላይ ይዞት ይወጣል፤ ከውጪ የሚያብረቀርቅ ቆዳ፣ ከውስጥ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ በጥላ ይሠራል፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ስህተት ከተፈጠረ አሴቶን ጠብ ሲደረግበት ይለቃል።

ሱፐር ግሉ ወዲያው ይይዛል። በአንድ ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ እንደተዛነፈ ይቀራል፤ የተዛነፈ የራስ ቅል ደግሞ የአንጎል ልኬቱም የተዛነፈ ነው። ነጭ ኮላ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የአጥንቱን ገጽ ይዞ ይላጣል፣ እርጥበት ሲያገኝ ሻጋታ ያበቅላል። ጥርስ ላይ ከተቀባ ሌላ ጥፋት አለው፤ እንስሳው ሣር ይበላ እንደነበር ወይስ የዛፍ ቅጠል የሚታወቀው ከጥርሱ ልባስ ላይ ጥቂት ሚሊ ግራም ዱቄት ተፍቆ የካርቦን አይሶቶፑ (በክብደት የሚለያዩት የካርቦን ዓይነቶች መጠን) ሲለካ ነው፤ ዱቄቱ ውስጥ ኮላ ከገባ የሚለካው የኮላውም ካርቦን ይሆናል። በዲኪካ የተገኘችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን፣ ሰላም፣ አካሏ በጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተጨፍልቆ ነበር። በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አንድ አንድ የአሸዋ ቅንጣት እየተነቀለ ዓመታት ፈጀ። ትከሻዋን፣ የምላሷን ሥር አጥንት ጭምር ማየት የተቻለው በዚያ ትዕግሥት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በየደረጃው ማጠንከርና ማላቀቅ ይፈልጋል። በሱፐር ግሉ አይሞከርም።

አራተኛ፤ ከመስክ በጀቱ ላይ ወንፊት፣ የውኃ ማጓጓዣና የለቃሚዎች አበል ተቀንሷል፤ “ዋና ዋናው ይለቀም” ተብሏል። ዋና ዋናው ምን እንደሆነ ግን መስክ ላይ ሆኖ የሚያውቅ የለም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አንድ ጠቃሚ ስባሪ ሲታይ ዙሪያው በባንዲራ ይከበባል፤ ልቅ የሆነው የላይ አፈር ተጠርጎ በቁጥር በተለዩ ባልዲዎች ይገባል፤ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት በደረቁ፣ ከዚያ በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት በውኃ ይነፋል፤ በጥላ ይደርቃል፤ በአጉሊ መነጽር ይለቀማል። በሚሮ ዶራ አንድ የአካባቢው አርብቶ አደር የላይኛውን መንጋጋ ካሳየ በኋላ የቀረው የራስ ቅል ተፈልጎ የተገኘው የፍየል በጠጥ የተከመረበት መሬት ጭምር በወንፊት ተነፍቶ ነው። ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ ቅሉ ግን የተሟላው እንደዚያ ነው። ከ1 ሚሊ ሜትሩ ወንፊት ላይ የሚቀሩት የአይጥና የፍልፈል ጥርሶች ናቸው። አይጥ ሩቅ አይጓዝም፣ በዓመት ደጋግሞ ይወልዳል፤ የአንድን ትንሽ ስፍራ አየርና ሣር ከዝሆን ይልቅ በትክክል ይናገራል። ዝሆኑ አላፊ አግዳሚ ሊሆን ይችላል።

ትንሹ አጥንት ትልቁን ጉዳይ እንደሚወስን ሌላ አገርም ያሳያል። በግብፅ ዋዲ አል ሂታን በረሃ ውስጥ ባሲሎሳውረስ የተባለው የጠፋ ዓሣ ነባሪ ግዙፍ አጽሞች ለረጅም ጊዜ ይታወቁ ነበር። የዓሣ ነባሪ አባቶች ከየብስ እንደመጡ በዓይን ያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ የሆነው የኋላ እግራቸው ነው፤ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ጣት ያለው ኢምንት እግር። በ“ዋና ዋናው” መመሪያ ቢሆን አከርካሪው ተጭኖ ጣቱ ይቀር ነበር።

አምስተኛ፤ ለጎብኚ ተብሎ በመተላለፊያው ላይ የተሣለው ሥዕል ይነሳልን። ከግራ ጎንበስ ያለ ዝንጀሮ፣ ከቀኝ ቀጥ ያለ ሰው፣ በመሐል በሰልፍ የሚከተሉ አሉ። ለዚህም ነው ተማሪ በመጣ ቁጥር “ታዲያ ዝንጀሮዎቹ ለምን ቀሩ?” የሚለው ጥያቄ የሚነሳው፤ ጥያቄው የተማሪው አይደለም፣ የግድግዳው ነው። የሰው ዘር ከዛሬው ዝንጀሮ አልወጣም፤ ከቺምፓንዚ ጋር የጋራ ቅድመ አያት አለው፣ ሁለቱም በየፊናቸው ተለውጠዋል። ሰልፍም አልነበረም። በወራንሶ ሚሌ፣ ቡርቴሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተገኘው የ3.4 ሚሊዮን ዓመት እግር አውራ ጣቱ እንደ እጅ አውራ ጣት ለብቻው የሚጨብጥ ነው፤ ዛፍ የሚወጣ እግር። በዚያው ዘመን፣ በዚያው አፋር፣ የድንቅነሽ ወገኖች ከእኛ በሚቀርብ እግር መሬት ላይ ይሄዱ ነበር። ሁለት ዓይነት አካሄድ፣ ሁለት ጎረቤት ወገን። ሥዕሉ ላይ ሌላም ስህተት አለ፤ ቁመቱ ቀና ሲል ራሱም አብሮ ይተልቃል። ድንቅነሽ ቀጥ ብላ የሄደች ናት፤ አንጎሏ ግን ከእኛ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበር። እግሩ ቀድሟል፣ አንጎሉ የመጣው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ይህን ለመናገር ከኢትዮጵያ የተሻለ ማስረጃ ያለው አገር ጥቂት ነው፤ የራሳችን ግድግዳ ግን ተቃራኒውን ያስተምራል።

በመጨረሻም በማስታወሻው ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ያገኙት የደጋው ናሙናዎች አሉ። ከጭልጋ የመጡት 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናቸው፤ የጥንት ዝሆን ዘመዶችና ሁለት ግዙፍ ቀንድ ያለው አርሲኖይተሪየም አሉባቸው። አፍሪካ ከእስያ ጋር በየብስ ከመገናኘቷ በፊት፣ አውራሪስና የድመት ወገን ገና ሳይገቡ፣ እዚህ ምን ይኖር እንደነበር የሚያሳይ ቦታ በዓለም እጅግ ጥቂት ነው። ከሙገር የጭቃ ድንጋይ የወጡ የዳይኖሰር ጥርሶች የጁራሲክ ዘመን ናቸው። ከአንታሎ የኖራ ድንጋይ የወጡት የባሕር ቅርፊቶች ዛሬ ተራራ የሆነው አገር ባሕር እንደነበር ይመሰክራሉ። እነዚህ ከሰው ዘር ጋር አይገናኙም ተብሎ ወደ መጋዘን ከሄዱ የሕይወት ታሪክ በዚህ አገር የሚጀምረው ከ5 ወይም 6 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው ማለት ይሆናል።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። ወደ መጋዘን የሚደረገው ዝውውር ዛሬውኑ ይቁም፤ የሄዱትም ከክረምት በፊት ይመለሱ። ሲመለሱ ጆንያ በጆንያ፣ ማንም ሳይደባልቅ፣ መዝጋቢ ባለበት ይከፈቱ፤ ካርዳቸው የተለያየባቸው ከመስክ ደብተርና ከቀድሞ ፎቶ ጋር ይመሳከሩ፤ ሊለዩ ያልቻሉት “ቦታው ያልታወቀ” ተብለው ለብቻ ይመዝገቡ እንጂ በግምት ቦታ አይሰጣቸው። የመስክ ደብተሮቹ በሙሉ ይቃኙና ቅጂያቸው በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ።

ለቦታ ጥበቱ ያለን ሐሳብ ይህ ነው፦ የተቆለፈው ክፍል ግማሽ በባዶ የማሸጊያ ሳጥንና በአሮጌ የቢሮ ዕቃ የተያዘ ነው፤ እርሱ ወደ ቆርቆሮው መጋዘን ይሂድ። የቀሩት መደርደሪያዎች ከፍታቸው ለዝሆን ጥርስ የተሠራ ስለሆነ ለትናንሾቹ በመሐል አንድ አንድ ንጣፍ ይጨመር። አሲድ የሌለው ሳጥንና የፖሊኤትሊን ስፖንጅ ይገዛ፤ ይህ ካልተቻለ ቢያንስ እንጨትና ተራ ካርቶን ከዛጎሎቹ ይራቅ። በየክፍሉ አንድ የእርጥበት መለኪያ ይሰቀል፤ ንባቡም ጠዋትና ማታ ይመዝገብ።

ሱፐር ግሉና ነጭ ኮላ ከጥገና ክፍሉ ይውጡ፤ ፓራሎይድና አሴቶን ይመለሱ። አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ማስቀመጫው የብረት ቁም ሣጥን፣ የሥራ ቦታውም አየር የሚወጣበት ይሁን። እስካሁን በሱፐር ግሉ የተገጠሙት በዝርዝር ይለዩ፤ በኋላ የሚለካቸው ተመራማሪ ይወቅ። የወንፊትና የለቃሚ አበል በመስክ በጀቱ ላይ ይመለስ። የመተላለፊያው ሥዕል ተነስቶ በቦታው የቡርቴሌ እግርና የድንቅነሽ አጽም ቅጂ ጎን ለጎን፣ ከአጠገባቸውም አንድ ረድፍ የኦሞ አሳማ ጥርስ ከታች ወደ ላይ በዕድሜ ተደርድሮ ይቀመጥ። ጽሑፉን እኛ እናዘጋጃለን፤ ተጨማሪ ክፍያ አንጠይቅም።

ከእንግዲህ ክምችቱን የሚነካ ውሳኔ ከመውጣቱ በፊት ከጥገና፣ ከምዝገባና ከመስክ አንድ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ኮሚቴ እንዲያየው እንጠይቃለን። መልሳችሁን በጽሑፍ፣ የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅሪተ አካል ጽዳትና ጥገና ባለሙያዎች
የክምችት መዝጋቢዎች
የመስክ አሰሳና የልቀማ ሠራተኞች
የጥንት እንስሳት ጥርስና አጥንት ለዪዎች